ለኅዳር 24 ከዘይትና ከሳሙና ሌላ ምን ይዘን እንግባ? (የሰሜን ሸዋ ዓይነ ስውራን)

የጠባሴው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የዜግነት ትምህርት የማስተምር ዓይነ ስውር ነኝ። ኅዳር 24፣ ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ እየመጣ ነው። የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አዳራሽ እንጠራለን፣ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡናል፣ ንግግር እናዳምጣለን፣ ዘይትና ሳሙና ተሸክመን ፎቶ እንነሳለን፣ እንበተናለን። ዘይቱን አልንቅም፤ የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ማን ያጣዋል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ የሚለን የለም፣ እኛም ይህን እንፈልጋለን ብለን አናውቅም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከአለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ፣ ካለንበት ተጠራርተን ለዘንድሮ አንድ ጥያቄ እንምረጥ። አንድ ብቻ። ሃያ ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ «በሂደት ይታያል» ተብሎ ፋይል ይሆናል። አንድ ሲሆን ኃላፊው ወይ እሺ ወይ እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠን እንለዋለን።

እኔ የምመርጠው ባንክን ነው። ደመወዜ በባንክ ይገባል። ካርድ ስጠይቅ «ለራስህ ደኅንነት ነው» ተብዬ ተከልክያለሁ። ብር ላወጣ ስሄድ ምስክር ይዤ እንድመጣ ይፈለጋል። ምስክሩ ማን ነው? አንዳንዴ ተማሪዬ፣ አንዳንዴ ወረፋ ላይ የቆመ የማላውቀው ሰው። ካሸሯ ቀሪ ሒሳቤን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ያ ሰው ሰምቶ ይወጣል፣ እኔ ብሩን በኪሴ ይዤ ከኋላው እወጣለሁ። ደኅንነት የተባለው ይኸው ነው።

የባንኩን ስም አልጠራም፤ እናንተም ባትጠሩ ይሻላል። የአንድ ቅርንጫፍ ጉዳይ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።


ቆላ መርሐቤቴ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ሐሳቡን ደግፌዋለሁ። ግን «ተጠራርተን» የምትለው ነገር እዚያ ጠባሴ ቁጭ ብሎ ቀላል ይመስላል። እኔ ከአለም ከተማ ለመምጣት የጀማን ገደል ወርጄ ወጥቼ ነው፣ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ብቻዬን አልመጣም፣ የወንድሜ ልጅ ይመራኛል። ስለዚህ ትራንስፖርት የሁለት ሰው ነው፣ ምሳ የሁለት ሰው ነው፣ አልጋ የሁለት ሰው ነው። ስብሰባ የጠራን ሁሉ እስከ ዛሬ የከፈለው የአንድ ሰው አበል ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ የደብረ ብርሃን ሰው ብቻ ተሰብስቦ «የዞኑ አካል ጉዳተኞች» የሚባለው።

ይህ ካልተስተካከለ የመረጣችሁት ጥያቄ የከተማ ጥያቄ ነው የሚሆነው። ባንክም አልክ፣ ካርድም አልክ፣ እኛ ጋ ያለው ሰው ሌላ ጭንቅ አለበት።


ዝምታ ወርቅ ነው፦

ዘይታችሁን ይዛችሁ ብትገቡ ይሻላችኋል። ጠያቂ ሁሉ ምን እንዳገኘ አይተናል።


የጠባሴው መምህር፦

ወንድም ዝምታ፣ ዘይቱን ለአንተ እንተውልሃለን።


የእነዋሪ ልጅ፦

እኔ ከሞረትና ጅሩ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ዓይነ ስውር ነኝ። የምጽፈው በቶክባክ፣ ስልኩ የነካሁትን በድምፅ እየነገረኝ፣ ስለሆነ ፊደል ቢሳሳት ታገሱኝ።

ስለ ባንክ የተባለው እውነት ነው፤ ግን የባንክ ደብተር ያላት ዓይነ ስውር ሴት ስንት ናት? በእኛ ሰፈር የማውቃቸው ሁለት ልጆች ከቤት ወጥተው አያውቁም። ቤተሰብ ስለጠላቸው አይደለም፣ ስለፈራ ነው፤ ትወድቃለች፣ ትደፈራለች፣ ሰው ይስቅባታል ይላል። እኔም የወጣሁት አጎቴ አስተማሪ ስለነበረ ነው። ደብረ ብርሃን መጥቼ ብሬል ስማር ስሌቱን (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳውን) ይዤ ስታይለሱን (መውጊያውን) ከቀኝ ወደ ግራ እወጋለሁ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ከግራ ወደ ቀኝ አነባለሁ። የእኛ ብሬል ተነባቢውን ለብቻ አናባቢውን ለብቻ ስለሚጽፍ አንዷ «ሙ» ሁለት ቦታ ትይዛለች፣ ወረቀት ደግሞ የለም። ወፍራም የግድግዳ ካላንደር ያገኘ ሰው እንደ ባለጸጋ ነበር የሚታየው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ነጥቡ አይሰማኝም፤ ብብቴ ሥር ከትቼ አሙቄ ነበር የማነበው። መምህሬ ሰነፍ ነሽ ይለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ሆኖ በጣት የሚያነብ ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና እንደማይችል ለማወቅ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ማንም ስላልጠየቀን ግን ማንም አላወቀም።

ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ኮሚቴ ከተቋቋመ ግማሹ ሴት ይሁን፤ «የሴቶች ጉዳይ» ተብላ አንዲት ወንበር የምትሰጣት ሳይሆን ሰብሳቢም ገንዘብ ያዥም የምትሆን። ሁለተኛ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ አይሁን። ለሴት ሲመሽ መመለስ ሌላ ነገር ነው።


ጤና ጣቢያ ያለሁ፦

በዞኑ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ፣ ዓይናማ ነኝ፣ ሐሳብ መስጠት ከተፈቀደ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ በትራኮማ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ትራኮማ በመድኃኒት፣ በፊት መታጠብና በንጽሕና ይቆማል። እዚህ አማራ ክልል በትራኮማ ከዓለም በጣም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ታዲያ ጥያቄው ስለ ሕክምና ቢሆን ስንቱን ከመታወር ባዳነ?


የእነዋሪ ልጅ፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ያልሽው እውነት ነው። እናቴ የዓይን ቆቧ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ሲፍቀው በወረንጦ እየነቀለች ነው የኖረችው። ቀዶ ሕክምናውን ጎረቤት አስፈራርቷት ዘገየች። ሄዳችሁ ንገሩልን፣ አክሙልን፤ እኔም ቤት ለቤት አብሬሽ እዞራለሁ።

ግን ስለ እኛ መብት በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ ሕክምና ሲዞር አያለሁ። እኔ አልድንም። የእኔ ጥያቄ እንዳልታወር አይደለም፤ ታውሬ እንዴት ልማር፣ እንዴት ልሥራ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ደብዳቤ ውስጥ ሲገቡ ሁልጊዜ የሚመለሰው የናንተው ነው፤ መድኃኒቱ ፎቶ ያምራል።


ጤና ጣቢያ ያለሁ፦

ተቀብያለሁ። ወንድም ነኝ።


ባንክ ቤት የምሠራ፦

ርዕሱ ስለነካኝ ነው የገባሁት። ደብረ ብርሃን ሳይሆን ሌላ ወረዳ ነው የምሠራው። መምህሩ ያሉት ነገር በክፋት የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። እኛ የምንፈራው ኦዲትን ነው። ዓይነ ስውር ደንበኛ ነገ «ይህን ብር አላወጣሁም» ቢል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ተጠቅሶ ሠራተኛው ከደመወዙ ይከፍላል። ይህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቅርንጫፉ ምን ያደርጋል? ምስክር ይጠራል፣ ካርድ አይሰጥም፣ ራሱን ይጠብቃል። መመሪያ ከላይ ካልመጣ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ሥልጣን ይህን አይቀይርም፤ በቅርንጫፍ በር ላይ ብትጮኹ ጉልበታችሁን ነው የምትጨርሱት።


ጠበቃ ዘሸዋ፦

ጥሩ፣ ቁጥሩ በስሙ ተጠራ። እስኪ ምን እንደሚል እንየው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 1728 የዓይነ ስውርን እና ማንበብና መጻፍ የማይችልን ሰው አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው እነርሱን የሚያስገድዳቸው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው ይላል። በቃ ይኸው ነው።

ካርድ አይሰጠው ይላል? አይልም። ብር ባወጣ ቁጥር ከወረፋ ላይ ሰው ይጠራለት ይላል? አይልም። እንዲያውም ምስክር የሚባል ነገር እዚያ ቦታ የለም፤ የሚያረጋግጠው ሥልጣን ያለው ሹም ነው። ስለዚህ ወረፋ ላይ የቆመው ሰውዬ ለመምህሩም ለባንኩም ምንም አይጨምርም። ባንኩ ሕግ አክብሬያለሁ ሲል ሕጉ ያላለውን እየሠራ ነው፣ የሚለውን ደግሞ እየተወ።

በዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 እኩልነትን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 9 ንዑስ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ 676/2002 ጸድቋል። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ ገንዘቡን ራሱ የማስተዳደር፣ የባንክ ብድርና ሌሎች የብድር አገልግሎቶችን ከሌላው እኩል የማግኘት መብት እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቁጥር 1728 ይሰረዝ ብለን ብንጠይቅ ምክንያት አናጣም።


የኔታ ዘመንዝ፦

ልጆቼ፣ ይህን የልጅ ልጄ እያነበበልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ነው የሚጽፈው። በልጅነቴ ፈንጣጣ ዓይኔን ወሰደው። ያኔ ማን ትምህርት ቤት ይልከኛል? የቆሎ ተማሪ ሆኜ ዜማ ተማርኩ፣ ቅኔ ተማርኩ። የቃል ትምህርት ሌሊት ነው የሚባለው፤ መብራት የለም። በጨለማ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው፣ እኔ እንዲያውም ቀድሜ እይዝ ነበር። ወንበር ዘርግቼም አስተምሬአለሁ። የኔታ ይሉኛል፣ እጄን ይስማሉ። ቀበሌ ስሄድ ግን በር ላይ ያለው ጥበቃ ምጽዋት የመጣሁ መስሎት «እግዜር ይስጥልኝ አባት» ብሎ ይመልሰኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጠበቃው ቁጥሩ ይሰረዝ ብለሃል። ተው ልጄ። እኔ መሬቴን የእኩል ሰጥቼ ነው የምበላው። አንድ ሰው መጣና «የአንድ ዓመት ኪራይ ነው የኔታ፣ አሻራዎን ያድርጉ» አለኝ። አደረግሁ። የልጅ ልጄ በኋላ ሲያነበው ብዙ ዓመት ነው የተጻፈበት። ወረዳ ፍርድ ቤት ስንሄድ ዳኛው ያየው ይህንኑ ቁጥር ነው። ውሉ ሹም ፊት ስላልተረጋገጠ አያስገድድዎትም ተብሎ መሬቴ ተመለሰ። እናንተ የምትጠሉት ቁጥር ለእኔ መሬቴን አስመልሶልኛል።

መምህሩ የተማረ ነው፣ ማሽን ያነብለታል። እኔና እኔን የመሰለ ገበሬ ግን ብዙ ነን። ከመሐል ሜዳ ወደ ታች ብትወርዱ የምታገኙት እኔን ነው።


ጠበቃ ዘሸዋ፦

የኔታ፣ እጅ እነሣለሁ። ያሉት ጉዳዩን ሌላ መልክ ሰጠው።

እንዲህ እንየው ታዲያ። ቁጥሩ ጥበቃ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ የዓይነ ስውሩ ንብረት ነው። ውሉ ያስገድደኛል ወይም አያስገድደኝም ብሎ ሊጠቀምበት የሚችለው እሱ ነው። ባንኩ ግን የሌላን ሰው ጋሻ ነጥቆ ራሱን እየጋረደበት ነው። ስለዚህ ይሰረዝ አንበል። ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ዓይነ ስውር ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍትና የካርድ ውል ሲዋዋል ውሉ ተነቦለት፣ ከፈለገ በብሬል ወይም በስልኩ በሚነበብ ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ አንድ ጊዜ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ይስተናገድ። ካርድ ማሽን ላይ የሚመታው የምስጢር ቁጥር ፊርማ አይደለም። ምስክር የሚለው ነገር ይቁም፤ ደንበኛው ራሱ ሰው ይዤ ልግባ ካለ ግን ይፈቀድለት። የኔታ የሚፈልጉት ጥበቃ አልተነካም፣ መምህሩም ነጻ ነው።


ባንክ ቤት የምሠራ፦

ይህን ብታመጡልኝ ኦዲተሩን የማሳየው ወረቀት አለኝ ማለት ነው። እኔ በግሌ ደስ ይለኛል። ደብዳቤውን ለቅርንጫፍ አትጻፉ፤ ለዲስትሪክት ጽፋችሁ ለዋናው መሥሪያ ቤት ግልባጭ አድርጉ፣ ለብሔራዊ ባንክም ግልባጭ። ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ቶሎ ይመለሳል፣ ከልምድ ነው የምነግራችሁ።


አራተኛ ዓመት፦

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የባንኩን አልቃወምም፣ ግን እኛን ረሳችሁን። መምህር የሚሰጠን ፋይል መጽሐፉ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነው። ኤንቪዲኤ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም) ሲከፍተው «ባዶ» ይለኛል። ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፣ አማርኛም በኢስፒክ ድምፅ ያነባል፤ ድምፁ እንደ ፈረንጅ ቄስ ቢሆንም ይለመዳል። ችግሩ ፋይሉ ነው። ኢትዮጵያ የማራካሽን ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ መጽሐፍን ለዓይነ ስውር በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የደራሲ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ሕጉ አለ፣ የሚያዘጋጀው ሰው የለም።

የሰው አንባቢም ሌላ ጣጣ ነው። ፈተና ላይ የሚመደብልህ ሰው ትምህርቱን የማያውቅ ከሆነ ቃሉን አጣሞ ያነብልሃል፣ አንተ የምትመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው።


የጠባሴው መምህር፦

ወንድሜ፣ አልረሳናችሁም። ለሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ተራ ላይ ነህ፤ ዘንድሮ ከባንኩ ጋር ብናስገባው ሁለቱም ይላላል። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ማድረግ ትችላለህ፦ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሆኑ ዘርዝርና ላክልኝ። የሚተይቡ ተማሪዎች አሉኝ።


አወያይ፦

የግል የሒሳብ ቁጥር ለጥፎ «ርዱኝ» ያለውን መልእክት አንስቼዋለሁ። ችግሩን አልጠራጠርም፣ ግን በዚህ ክር ገንዘብ አይሰበሰብም።


የድሮ ሥራ አስፈጻሚ፦

ሽማግሌ ነኝና ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ የዛሬው ዘይት ከየት እንደመጣ ስለሚያስረዳ ነው።

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ ጠበቃው የጠቀሰው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣበት ዓመት። ያኔ ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማሩ ልጆች የሚነጋገሩት ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ነበር። ልመና የሚባለውን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፣ አንዳንዴ ከልክ በላይ።

በኋላ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ የአካል ጉዳተኛ መብትን ጨምሮ፣ እንዳይሠራ ከለከለ። አገር ውስጥ ደግሞ ለመብት የሚሰጥ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሥልጠና፣ ዕደላ፣ ነጭ በትር ማከፋፈል፣ ይህ ሁሉ ተፈቀደ። መጠየቅ ነበር ችግሩ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተሽሯል። ሕጉ ተቀየረ፣ ልማዱ ግን እኛው ውስጥ ቀረ፤ አሁንም ስብሰባ ሲጠራ «ምን ይሰጡናል» ነው የሚባለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 1113 የሚመለከተው በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው። የዞን ማኅበር ለብቻ እንመሥርት ካላችሁ ወደ ክልሉ ምዝገባ ትሄዳላችሁ፣ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ማህተም፣ ኅዳር 24 አይደርስላችሁም። ለዘንድሮ በብሔራዊው ማኅበር ጥላ ሥር ኮሚቴ ሁናችሁ ጀምሩ። ማህተም ያስፈልጋችኋል፤ ያለ ማህተም ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበልም።


ከሚኒሶታ፦

ሸዋ ሮቢት ተወልጄ አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ በ1940፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ጃኮበስ ተንብሩክ የሚባል ዓይነ ስውር የሕግ ምሁር ከሰባት ስቴት የመጡ ጥቂት ሰዎችን ፔንስልቬንያ ሰብስቦ አገር አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረተ። ያኔም ለዓይነ ስውራን የሚሠሩ ድርጅቶች ሞልተው ነበር፤ የሚመሯቸው ግን ዓይናሞች ነበሩ። የሱ ሰዎች ያደረጉት አመራሩን በራሳቸው እጅ ማድረግ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ የሚሰበሰበው አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ነው፣ ሰውም ብዙ አይደለም። ግን ሁሉም አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ድምፅ የማያሰማውን ማሽን ቁጥሩን ያውቃል፣ ቁጥሩን ይዞ ይጽፋል።

ነጭ በትር ልልክላችሁ እችላለሁ፤ ስንት እንደሚያስፈልግ ጻፉልኝ።


ቆላ መርሐቤቴ፦

ከሚኒሶታ፣ በትሩን እንቀበላለን። ሥልጠና የሌለው በትር ግን እንጨት ነው። እዚህ ጥቅምት 5 የነጭ በትር ቀን ተብሎ በትር ይሰጣል፣ አያያዙን የሚያሳይ የለም፤ ሰውየው ወስዶ ከብት ይነዳበታል። እውነቴን ነው።


የሲቪል ሰርቪስ ሠራተኛ፦

ባጭሩ፦ አዋጅ 568/2000 ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንደ ሁኔታው ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ያለ ሰው ከከሰሰም አለማድላቱን የማስረዳቱ ሸክም ቀጣሪው ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቃችሁ የማታውቁ ካላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ነው ያገኘሁት፣ ማንም ይዞልኝ አልመጣም።


የኔታ ዘመንዝ፦

ልጆቼ፣ ድር ቢያብር ብላችሁ ተረት እንዳትጀምሩ እንጂ እኔም እመጣለሁ። የልጅ ልጄ ይዞኝ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስብሰባው ላይ ወረቀት በትናችሁ «አንብቡና አስተያየት ስጡ» አትበሉን። በቃል ይነበብ፣ ሁለቴ ይነበብ። እኛ በቃል እንይዛለን።


የጠባሴው መምህር፦

እሺ የኔታ። የተስማማንበትን ልሰብስብ። ኮሚቴው ስምንት ሰው ይሁን፣ አራት ሴት፤ የእነዋሪ ልጅ ሰብሳቢ እንድትሆን ሐሳብ ቀርቧል። ስብሰባው ጠዋት ነው። ጥያቄው ጠበቃው ባስቀመጠው መልክ የባንክ ጥያቄ ነው። ለዲስትሪክት ተጽፎ ለዋና መሥሪያ ቤት፣ ለብሔራዊ ባንክና ለዞኑ ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ግልባጭ ይደረጋል። ረቂቁን ባልደረባዬ አሁን ይለጥፈዋል።


የመምህሩ ባልደረባ፦

[ፎቶ]


የእነዋሪ ልጅ፦

ፎቶ ነው። ስልኬ «ምስል» ብሎ ዝም አለ።


አራተኛ ዓመት፦

😂 ዓይነ ስውራን ለዓይነ ስውራን የጻፉት ደብዳቤ በፎቶ። እኔ ስለ ፒዲኤፍ ያወራሁት ለማን ነበር?


የመምህሩ ባልደረባ፦

ይቅርታ፣ ዓይናማው እኔ ነኝ። ይኸው በጽሑፍ፦

«ጉዳዩ፦ ለዓይነ ስውራን ደንበኞች የሚሰጠውን አገልግሎት ይመለከታል። እኛ በሰሜን ሸዋ ዞን የምንኖር ዓይነ ስውራን፣ በቅርንጫፎቻችሁ የካርድ አገልግሎት እየተከለከልንና ገንዘብ ባወጣን ቁጥር ምስክር እንድናቀርብ እየተጠየቅን እንገኛለን። ይህ አሠራር በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ያልተደነገገ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25ንና በአዋጅ 676/2002 የጸደቀውን ስምምነት አንቀጽ 12 የሚቃረን ነው። ስለዚህ ውላችን አንድ ጊዜ በሚመለከተው አካል ፊት ተረጋግጦ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ደንበኛ እንድንስተናገድ፣ ምስክር የማቅረብ ግዴታ እንዲቀር፣ ሒሳባችን ሌላ ሰው በማይሰማበት ሁኔታ እንዲነገረን እንጠይቃለን። መልሱ እሺ ካልሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በፎቶ ሳይሆን በሚነበብ ጽሑፍ፣ እንዲሰጠን በአክብሮት እናሳስባለን።»


ቆላ መርሐቤቴ፦

«በፎቶ ሳይሆን» የሚለው አሁን የገባ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ነበር?


የመምህሩ ባልደረባ፦

አሁን ነው የገባው።


ቆላ መርሐቤቴ፦

ጥሩ። የመሪ ትራንስፖርትስ? ደብዳቤው ላይ አይሁን፣ የኮሚቴው ደንብ ላይ ግን በተራ ቁጥር አንድ ይጻፍ፦ አባል ሲጠራ ከመሪው ጋር ነው የሚጠራው፣ የሁለት ሰው ነው የሚከፈለው። ከመዋጮ ካልበቃ ስብሰባው በዙር ይሁን፤ አንዴ ደብረ ብርሃን፣ አንዴ አለም ከተማ። ጀማን እናንተም እዩት።


የእነዋሪ ልጅ፦

ተጽፏል። የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው አለም ከተማ።


የኔታ ዘመንዝ፦

ደብዳቤው ላይ ሁላችን ነን የምንፈርመው? እኔ አሻራ ነው የማደርገው። ጠበቃው፣ ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደኝም ማለት ነው እንግዲህ!


ጠበቃ ዘሸዋ፦

የኔታ፣ አቤቱታ ውል አይደለም፣ አሻራዎ ይበቃል። ባንኩ «ፊርማችሁ አልተረጋገጠም» ብሎ ከመለሰልን ግን እሱን ደብዳቤ በደንብ አስቀምጡልኝ፤ ለፍርድ ቤት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም።